ጎንበስ ሲሉ የሚነሳ ቃር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በከሚሴና በዙሪያዋ፣ በደዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋና በባቲ ያላችሁ፣ እንዲሁም በበጋው ከብቶቻችሁን ይዛችሁ ወደ ጨፋ ረግረግ የወረዳችሁ አድማጮቻችን ሁሉ፣ ስሙኝ።

ዛሬ ስለ ቃር እናወራለን። ስለ ቃር ሁሉ ግን አይደለም። ቆመው ሲሠሩ የማይታወቅ፣ ጎንበስ ሲሉ የሚነሳ ቃር አለ። ቀን ተሰውሮ ይውልና ጀርባ ፍራሽ ሲነካ ይቀሰቀሳል። ማሽላ ሲያርሙ፣ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ሱጁድ ሲወርዱ ኮምጣጣ ውሃ እስከ ጉሮሮ ይመጣል። ይህ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን «የጨጓራ በሽተኛ» ብሎ ነው የሚጠራው። ዓመታት ያልፋሉ፤ ኪኒን ይቀያየራል፤ ወተቱም፣ ፌጦውም፣ አብሹም ይሞከራል።

በጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል የሚሰማው ንግግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦

«እማማ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ጨጓራዬን ነው ልጄ። ጨጓራ አለብኝ።»

«መቼ መቼ ይብስብዎታል?»

«ኧረ እሱ ምን ጊዜ አለው!»

«ሲርብዎት ነው ወይስ ከበሉ በኋላ?»

«ከበላሁ በኋላ… በልቼ ጎንበስ ያልኩ እንደሆነ። ማታማ አልነግርሽም፤ ትራስ ደራርቤ፣ ቁጭ እንዳልኩ ነው የማነጋው።»

እዚህ ላይ ብዕርን ማቆምና መስማት ያስፈልጋል። እኚህ እናት «ጎንበስ ያልኩ እንደሆነ» ሲሉና ትራስ መደራረባቸውን ሲናገሩ የችግሩን ቦታ በጣታቸው አሳይተዋል። ጨጓራቸው ቆስሎ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ነገር ግን ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ነገር አለ። ከዚህ ዓይነቱ ቃር ጀርባ ከሚገኙት ምክንያቶች አንዱ ሃያታል ሄርኒያ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደረታችንና ሆዳችን ድያፍራም በሚባል አንድ ሰፊ ጡንቻ የተለያዩ ናቸው። ከጡንቻው በላይ ሳንባና ልብ፣ ከሥሩ ጉበት፣ ጨጓራና አንጀት አሉ። የምንውጠው ምግብ በደረት ውስጥ በሚያልፈው ቱቦ ወርዶ ጨጓራ ለመግባት ይህን ጡንቻ ማለፍ አለበት፤ ስለዚህም ጡንቻው ላይ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ቱቦውን ዙሪያውን አጥብቆ ይይዘዋል። ቱቦው ራሱም ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ማጥበቂያ ጡንቻ አለው። ሁለቱ እላይ በላይ ሆነው ሲሠሩ ጨጓራችን አፉ በጠፍር እንደታሰረ ስልቻ ነው፤ ቢያጋድሉት አይፈስም።

ቀዳዳው ሲሰፋ፣ ቱቦውን ከቦታው የሚይዙት ጅማቶችም ሲላሉ፣ የጨጓራው አናት ወደ ደረት ይሾልካል። ያኔ ሁለቱ ማጥበቂያዎች ይነጣጠላሉ፤ አንዱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል። አሲዱም መንገድ ያገኛል። የጨጓራ ግድግዳ አሲድ የሚችል ነው፤ የምግብ ቱቦ ግን አይችለውም። ከደረት መሐል አጥንት ጀርባ የሚሰማን ቃጠሎ ይኸው ነው። አንዳንዱ ሰው ግን ቃጠሎውን ሳያውቀው ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፣ ጠዋት ድምፁ ይሻክራል፣ ወይም አፉ እየመረረው ይነሳል። የሳል መድኃኒት እየጠጡ ከርመው መነሻው ከታች ሆኖ የተገኘባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

የምርመራ ወረቀት ላይ «ሄርኒያ» የሚል ቃል ያየ ሰው መደንገጡ አይቀርም። በእኛ ዘንድ ሄርኒያ ሲባል ትዝ የሚለው ብሽሽት ላይ የሚወጣው እብጠት፣ መጨረሻውም ቀዶ ሕክምና ነውና። ይኼኛው ከውጭ አይታይም፣ በእጅም አይዳሰስም። ሃያታል ሄርኒያ ካለባቸው 100 ሰዎች 95ቱ ያህል ያላቸው ወጣ ገባ የሚለው ዓይነት ነው፤ ጨጓራው ሲጫኑት ይወጣል፣ ሲቀልለት ይመለሳል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው ዕድሜ ልካቸውን ይኖራሉ። የቀሩት ጥቂቶች ግን ሌላ ዓይነት አላቸው፤ ጨጓራው በምግብ ቱቦው ጎን በኩል ወደ ደረት ይወጣና እዚያው ይቀመጣል። የሚያሰጋው ይህ ነው። ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ።

ሆድ ማሸት ስለሚባለው ነገር አንድ ቃል ልበል። «ጨጓራዬ ወጥቶብኛል» ብሎ ወደ ወጌሻ የሚሄድ ሰው አለ። ለወለምታ የወጌሻ እጅ ብዙ ሰው የሚመሰክርለት ነው፤ ይህ ቦታ ግን ከጎድን አጥንት ሥር፣ ከጉበት ጀርባ ስለሆነ የማንም እጅ አይደርስበትም። ሆድን አጥብቆ መጫን ደግሞ ጨጓራውን ይበልጥ ወደ ላይ መግፋት ነው።

ታዲያ ቀዳዳው ለምን ይሰፋል? አንዱ ምክንያት ዕድሜ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ጅማት እየላላ ስለሚሄድ ችግሩ እየበዛ ይመጣል። ሌላው ከሆድ ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ነው። ሆድ አካባቢ የሚጠራቀም ስብ ይገፋል። እርግዝና ይገፋል፤ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት፤ ያኔ የሚመጣው ቃር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይሄዳል። የማያቋርጥ ሳል ይገፋል፤ ጭስ በሞላበት ማድ ቤት የምትውል እናት ሳሏ ለሳንባዋ ብቻ አይደለም የሚያሰጋው። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ያንን ከመሬት ብድግ አድርጎ ጀርባ ላይ ለማዘል ትንፋሽ ይያዛል፣ ሆድም ይወጠራል። ይህን በልቶ ወዲያው ማድረግና ሳይበሉ ማድረግ አንድ አይደለም።

መቀነትስ? መቀነት ወገብን ይደግፋል፤ ወገቧ ላይ መቀነት ሳትጠመጥም አረም የማትወርድ እናት እንዳለች አውቃለሁ፤ ፍቺው ልላት አልነሳም። ግን ይህን ስሙልኝ። ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ቃር የሚባል ነገር የማያውቁ ጤነኛ ሰዎችን ወገባቸውን በቀበቶ አጥብቀው አሰሯቸውና ውስጡን በመሣሪያ ተከታተሉ። የምግብ ቱቦና ጨጓራ የሚገናኙበት ቦታ ወደ ደረት በኩል ከፍ ብሎ፣ አሲዱም ወደ ቱቦው ጫፍ ሲወጣ አዩ። በጤነኛ ሰው ላይ! ስለዚህ መቀነቱን ሆድ ላይ ሳይሆን ወደ ዳሌ ዝቅ አድርጎ ማሰር፣ ሲበሉ ማላላት፣ ከበሉም በኋላ ለሁለትና ሦስት ሰዓት አለማጥበቅ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ለወንዶች ቀበቶም እንዲሁ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሌላው ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ብዙ ሰው የሚያፍርበት ነው፤ የሆድ ድርቀት። ሽንት ቤት ተቀምጦ ማማጥ በሆድ ውስጥ ከፍተኛ ግፊት ይፈጥራል። ይህን ነገር አጥብቆ ያነሳው ኡጋንዳ፣ ካምፓላ በሚገኘው ሙላጎ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የሠራው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት ነው። የሕፃናትን መንጋጋ በሚያሳብጠው ካንሰር ምክንያት ስሙ በዓለም የታወቀ ሰው ነው፤ ካንሰሩም በስሙ ይጠራል። በርኪት ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለው፤ እዚያ እንደ ጉድ የሚታየው ሃያታል ሄርኒያ በአፍሪካ ገጠሮች ለምን ብርቅ ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1973 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ መልስ ሰጠ። የአፍሪካ ገበሬ የሚበላው ገለባው ያልተለየው እህል ነው፣ ሰገራው ለስላሳ ነው፣ አያምጥም። አውሮፓዊው ግን ነጭ ዱቄት ይበላል፣ ይደርቅበታል፣ ያምጣል፣ በዓመታት ውስጥ ጨጓራውን ወደ ደረቱ ይገፋል አለ።

ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። በዚያ ዘመን በገጠር አፍሪካ ይህን የሚያሳይ የራጅ ምርመራ የሚያገኘው ስንቱ ነበር? ያልታየ ሁሉ የለም ማለት አይደለም። ዛሬ ኢንዶስኮፒ የሚባለው የካሜራ ምርመራ በየከተማው ሲከፈት በየከተማው እየታየ ነው። ነገር ግን ስለ ማማጥ የተናገረው እውነትነት አለው። ጨፋ የማሽላ አገር ነው። የማሽላ እንጀራ፣ ንፍሮ፣ ሽምብራ፣ ጎመን የሚበላ ቤት ለሆዱ የሚበጀውን ከማሳው እያገኘ ነው። አሁን አሁን ጠዋት ነጭ ዳቦና ሻይ፣ ማታ ፓስታ እየሆነ የመጣበትን ቤት ግን አስቡት። ተልባ በውሃ ዘፍዝፎ መጠጣትም የታወቀ የአባቶች ዘዴ ነው፤ ለድርቀት ይረዳል፤ ውሃው ግን በዛ ይበል።

ጫት እዚህ ላይ ይመጣል፤ ሳልነካው ባልፍ ራሳችሁ ትታዘቡኛላችሁ። ጫት ሆድ ያደርቃል፤ ይህን የሚቅም ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣም ያዘገያል፤ ስለዚህ ከምሳ በኋላ መቃም የተጀመረ እንደሆነ ምሳው እስከ ማታ እዚያው ነው። በላዩ ለስላሳ ይጠጣበታል፤ ጋዙ ጨጓራውን ይነፋል፣ ግሳት ይበዛል፣ ከግሳቱ ጋር አሲዱ ይወጣል። ማታ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ተዘግቶ ይቆይና እኩለ ሌሊት ገደማ ይከፈታል። በልቶ ወዲያው መተኛት ይከተላል። አራቱም ነገሮች በአንድ ቀን ተገናኙ ማለት ነው። ቃር እያሠቃየው መቃምን መተው ያልቻለ ሰው ቢያንስ እራቱን በጊዜ ይብላ፣ ለስላሳውን በውሃ ይተካ። ቢተወው ደግሞ የተሻለ ነው፤ ይህን ስል የሚቆጣኝ እንዳለ አውቃለሁ።

ቡና ጠጪዎች አትደንግጡ። ቡና አንዱን ያነሳበታል፣ ሌላውን ምንም አያደርገውም። ለሁለት ሳምንት ተዉትና ልዩነቱን ራሳችሁ ፍረዱ። በርበሬና ሽንኩርት የበዛበት ወጥ፣ ቅባት፣ ጥብስም እንዲሁ በየሰው ይለያያል። የወተት ነገር ግን ሰው ያታልላል። ሲጠጡት ለጥቂት ደቂቃ ያበርዳል፤ ቆይቶ ግን ጨጓራው እንደገና አሲድ ያመነጫል፣ ቅባቱም የጨጓራውን አፍ ያላላዋል። ለቃር ብሎ ሊተኛ ሲል ወተት የሚጠጣ ሰው ሌሊት ለምን እንደሚነቃ አይገባውም።

አሁን ወደ መኝታ እንምጣ፤ ለዚህ በሽታ ከመድኃኒት ያላነሰ ነገር እዚህ አለ። መጀመሪያ፣ በእራትና በእንቅልፍ መካከል ሦስት ሰዓት ይኑር። ማታ 3 ሰዓት የሚተኛ ሰው 12 ሰዓት ላይ መብላት አለበት። ሁለተኛ፣ ራስጌው ከፍ ይበል። ትራስ መደራረብ ግን አይሆንም፤ ትራስ አንገትን አጥፎ ወገብን ያጎብጣል፣ ሆድንም ይጫናል። ከፍ ማለት ያለበት ከወገብ በላይ ያለው አካል በሙሉ ነው። የጠፍር አልጋ ላላቸው ቀላል ነው፤ በራስጌ በኩል ባሉት ሁለት እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ግንድ ማድረግ ነው፤ አንድ ስንዝር ቢሆን ይበቃል። እንዳይንሸራተት ግንዱን ትንሽ ሰርስሮ እግሩን ማስገባት ጥሩ ነው። መደብ ላይ የሚተኛ ሰውስ? መደብ አይነሳም። ግን መደቡ በሚለቀለቅበት ጊዜ ራስጌውን በጭቃ ከፍ አድርጎ፣ ወደ ወገብ እያዘቀዘቀ ማስተካከል ይቻላል። እስከዚያው ድረስ በገለባ የተሞላ ጆንያ ከትከሻ እስከ ወገብ ማንጠፍ ይረዳል። ሦስተኛ፣ በግራ ጎን መተኛት። ጨጓራ በተፈጥሮው ያዘነበለው ወደ ግራ ነው፤ በግራ ጎን ስንተኛ አሲዱ ከቱቦው አፍ ዝቅ ብሎ ይጠራቀማል፣ በቀኝ ስንተኛ ግን ከአፉ በላይ ይሆናል። በቀኝ ጎን መተኛት ሱና መሆኑን የምታውቁ አድማጮች ይህ ግር እንደሚላችሁ እገምታለሁ፤ ሕመም ላለበት ሰው ምን እንደሚባል ዑለማዎቻችሁን ጠይቁ።

ውፍረት ያለው ሰው ጥቂት ኪሎ ቢቀንስ ብዙ ይቀልለዋል። ጎንበስ ከማለት በርከክ ማለት ይሻላል፤ ምጣዱን ከፍ ባለ ምድጃ ላይ ማድረግም እንዲሁ። ሲጋራ የሚያጨስ ይተው።

ረመዷን ሲመጣ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ይፈተናል። ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ጨጓራ በመግሪብ ሰዓት በቴምር፣ በሾርባ፣ በሳምቡሳ፣ በእንጀራ አንድ ጊዜ ይሞላል። ከዚያ ሶላት አለ፤ ሩኩዕና ሱጁድ በሞላ ሆድ። ተራዊህ አለ። ከተራዊህ መልስ ሌላ ማዕድ አለ፤ ከዚያ እንቅልፍ። ሱሁር ተበልቶ ፈጅር ተሰግዶ ደግሞ እንደገና እንቅልፍ። ቃር ያለበት ሰው በዚህ ወር የሚቸገረው በፆሙ ሳይሆን በማታው አበላል ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እንዲህ ቢደረግ ይሻላል። በቴምርና በውሃ ጾሙ ይፈታ፤ መግሪብ ይሰገድ፤ ከዚያ ሾርባና መጠነኛ ምግብ ይበላ። በዘይት የተጠበሰው ቁጥሩ ይቀነስ። ዋናው ምግብ ከተራዊህ በፊት ይሁን፣ ግን ሆድ እስኪወጠር አይሁን፤ ከተራዊህ በኋላ ቀለል ያለ ነገር ካልሆነ በቀር ይቅር። ሱሁር በልቶ ፈጅር የሰገደ ሰው ወዲያው ጀርባውን ከማስነካት ቁርኣን ይዞ ቁጭ ቢል ለጨጓራውም ይበጃል። ሱጁድ ሲወርድ አሲድ ጉሮሮው ድረስ የሚመጣበት ሰው ሸሪዓው የታመመ ተቀምጦ እንዲሰግድ የፈቀደ መሆኑን ያስታውስ፤ ዝርዝሩን ከኢማሙ ጋር ይነጋገር። በሁዳዴ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የምትፆሙና የምትሰግዱ ክርስቲያን አድማጮቻችንም ምክሩ ለእናንተም ነው፤ ከጾሙ ፍቺ በኋላ የሚበላው ቅቤና ጥብስ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው።

መድኃኒቱስ? በየፋርማሲው ያለው ኦሜፕራዞል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ስዊድን ውስጥ ለገበያ ከወጣ ወዲህ የቃርን ሕክምና የለወጠ ኪኒን። አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው 20 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው። የሚወሰድበት ሰዓት ግን ወሳኝ ነው፤ ከምግብ በፊት ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። በልቶ፣ ቃር ሲነሳ የሚውጠው ሰው «አልሠራልኝም» ቢል አይፈረድበትም። ካፕሱሉ አይታኘክም። ለፆመኛ ሰው በሱሁር ሰዓት ነቅቶ ምግቡ ሳይቀርብ መዋጥ ወይም በቴምርና በውሃ ሲያፈጥር ውጦ፣ መግሪብን ሰግዶ፣ ከዚያ መብላት ይቻላል፤ ያዘዘለትን ባለሙያ ያማክር። ለዓመታት ያለ ሐኪም ክትትል መውሰዱ ጥሩ አይደለም፤ የቫይታሚን ቢ12 እና የማግኒዚየም እጥረት ሊያመጣ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆመውም አሲዱ ለተወሰነ ጊዜ በዝቶ ይመለሳል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ ነው የሚተወው።

ይህ ኪኒን አሲዱን ይቀንሳል እንጂ የወጣውን ጨጓራ አይመልስም። መኝታውን፣ አበላሉን፣ መቀነቱን ሳያስተካክል ኪኒን ብቻ የሚውጥ ሰው ኪኒኑ ሲያልቅ እዚያው ነው።

ስለ ባክቴሪያውም አንድ ነገር። ኤች ፓይሎሪ በአገራችን ብዙ ሰው ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ነው፤ የጨጓራ ቁስልም ያመጣል፤ ሲገኝ መታከሙ ተገቢ ነው። ሃያታል ሄርኒያን ግን አያመጣም። የባክቴሪያውን መድኃኒት ጨርሶ፣ ጎንበስ ሲል የሚነሳው ቃር ያልለቀቀው ሰው ያንኑ መድኃኒት ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ መግዛት የለበትም። ጥያቄው መቀየር አለበት። የወገብና የጉልበት ሕመም ማስታገሻዎች፣ እነ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ ጨጓራንም ቱቦውንም ይጎዳሉ። በአጨዳ ሰሞን ለወገቡ ብሎ እነዚህን ከሱቅ እየገዛ የሚውጥ ብዙ ነው።

ሄርኒያው መኖሩ የሚታወቀው በኢንዶስኮፒ ነው፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ውስጡን ያሳያል። ሌላው መንገድ ባሪየም የሚባል ነጭ ፈሳሽ ጠጥቶ ራጅ መነሳት ነው። ቃር ያለበት ሁሉ ግን ኢንዶስኮፒ አያስፈልገውም። ወጣት የሆነ፣ ሌላ ምልክት የሌለው ሰው እስካሁን የነገርኳችሁን እያደረገ መድኃኒቱን በትክክል ይሞክር። ካልተሻለው በጤና ጣቢያ በኩል ወደ ከሚሴ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ደሴ ይላካል። የጤና መድን አባል የሆናችሁ የሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያ ሳትይዙ አትነሱ፤ ያለሱ ወጪ ከኪሳችሁ ሊወጣ ይችላል።

ጥቂቶች ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ቀዳዳው በስፌት ይጠብባል፣ የጨጓራው አናት ደግሞ በቱቦው ዙሪያ ይጠመጠማል። ዘዴውን የጀመረው ሩዶልፍ ኒሰን የተባለ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ሐኪም ነው። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ አገሩን ጥሎ ኢስታንቡል ገባ፤ ኋላ አሜሪካ ሄደ፤ እዚያም እ.ኤ.አ. በ1948 አልበርት አንስታይንን ሆዱን ከፍቶ አክሟል፤ የሕመሙ ምክንያት ሌላ ቢሆንም። እ.ኤ.አ. በ1955 ባዝል፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ይህን የጨጓራ ጥምጠማ ሠራ፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። አሁን በትናንሽ ቀዳዳዎች በኩል በካሜራ እየታገዘ ይሠራል። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ከበድ ያለ ሥራ እንደ ጥቁር አንበሳ ወዳሉ ሪፈራል ሆስፒታሎች የሚላክ ነው።

አሁን ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ ወዳልኩት የሚያሰጋ ዓይነት ልምጣ፤ ከዚያ በፊት ግን ይህን ልበል። ቃር ነው ተብለው መታለፍ የሌለባቸው ምልክቶች አሉ። ምግብ ሲውጡ ደረት ላይ የሚቆም ከሆነ፣ መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎ ገንፎው፣ ኋላም ውሃው አልወርድ የሚል ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ፤ የምግብ ቱቦ ካንሰር በአገራችን፣ በተለይ በአርሲና በባሌ፣ በብዛት የታየ በሽታ ነው፤ የሚጀምረውም እንዲህ ነው። ያለ ምክንያት መክሳት፣ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ተደጋግሞ የሚመጣ የደም ማነስ እንዲሁ ናቸው። ትልቅ ሄርኒያ ያለበት ጨጓራ ድያፍራሙ በሚያንቀው ቦታ ላይ እየተጫጫረ በጥቂት በጥቂቱ ሊደማ ይችላል፤ ሰውየው የሚያውቀው ድካሙን ብቻ ነው። ደረትን ጨምድዶ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ ሕመም ደግሞ ልብ ሊሆን ይችላልና ኦሜፕራዞል ውጦ የሚጠበቅ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ግን በቱቦው ጎን ደረት ውስጥ የገባው ጨጓራ የተጠማዘዘ እንደሆነ ነው። ድንገት ከእምብርት በላይ ወይም ደረት ላይ ኃይለኛ ሕመም ይመጣል። ሰውየው ያቅለሸልሸዋል፣ ለማስመለስ ይታገላል፣ ግን ምንም አይወጣለትም። ምራቁን እንኳ መዋጥ ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ ውሃም፣ ሻይም፣ ወተትም፣ ኪኒንም በአፉ አትስጡት። ሆዱን አትሹት። በግማሽ ቁጭ አድርጋችሁ፣ አምቡላንስ እንዲላክላችሁ ወደ ወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ደውሉ፤ አምቡላንሱ ከዘገየ በተገኘው መኪና ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ውሰዱት። «እስኪነጋ እንየው» አይባልም፤ የተጠማዘዘ ጨጓራ ደም አያገኝም፣ በሰዓታት ውስጥም ሊሞት ይችላል። ከዚህ በፊት ኢንዶስኮፒ ወይም ራጅ የተነሳ ከሆነ ወረቀቱን ፈልጋችሁ ያዙለት፤ ለተረኛው ሐኪም ብዙ ጊዜ ያተርፍለታል።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የወባ ወቅት ሳይደርስ አጎበርን እንዴት እንደምናድስ እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)